ሩብ ሄዶ ሩብ ቢመለስ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ሁሉ ይቸኩላል፤ በመሃል ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ግን ለማንም ቸኩሎ አያውቅም። በዚያን ዕለት ጠዋትም አንድ የጭነት መኪና መንገዱ ላይ በጎኑ ተኝቶ፣ ከፒያሳ የተነሳችው ሚኒባስ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ጠመዝማዛው ላይ ተገትራ ቀረች። ተሳፋሪው መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ ምንም ያላጠፋውን ሾፌር ወቀሰ፤ በመጨረሻም ወርዶ በየጥጉ ተቀመጠ። አንድ ሰው ብቻ መቀመጥም መቆምም አቃታቸው። አሥር እርምጃ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ የተኛውን መኪና ያያሉ፣ ደግሞ ሰዓታቸውን ያያሉ።

እኒህ ሰው አቶ አግማስ ይባላሉ። ኮምቦልቻ ውስጥ ባለች አንዲት የጨርቅ ማቅለሚያ ሠላሳ አንድ ዓመት ቀለም ነክረዋል፤ ዛሬ የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ጥፍራቸው ሥር የገባው ሰማያዊ በፋሲካም በገናም አይለቅም። አራት ሰዓት ላይ ከድርጅቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ የቀለም ዱቄት የምትሰፍረውን ኩኩን ሌባ ናት ብለው ሊመሰክሩ ነው። እሳቸው ከመሰከሩ ኩኩ ትባረራለች፤ ሰርቃ ተባረረች የተባለችን ሠራተኛ ደግሞ በዚያ ከተማ ሌላ ፋብሪካ በሩን አይከፍትላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ተብሎ የተነከረው ስምንት ጣቃ ሰማያዊ ጨርቅ ሲዘረጋ፣ የመጀመሪያው ጣቃ ደማቅ፣ የመጨረሻው ግን የገረጣ ሆኖ ተገኘ። የአንድ ክፍል ተማሪዎች ከሁለት ትምህርት ቤት የመጡ ሊመስሉ ነው። ጨርቁ ቀለም ሲጠጣ የጎደለውን የምትተካው ኩኩ ነች፤ መዝገቧም በየጣቃው መሃል «ሩብ ተጨምሯል» ይላል። ስንት ጣሳ እንደሆነ አይጻፍም፤ የቤቱ ልማድ ነው። ሩብ ተቀንሶ ሩብ ከተጨመረ ቀለም እንደማይሳሳ ደግሞ አቶ አግማስ እንደ አቡነ ዘበሰማያት ያውቁታል። ስለዚህ ልጅቱ ጻፈች እንጂ አልጨመረችም፤ ካልጨመረች ዱቄቱን ወስዳዋለች። የምስክርነታቸው ቃል ይኸው ነበር። ባለፈው ሰኞ ይህንኑ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ ገንዳው አጠገብ ቆመው ተናግረውታል።

ኩኩ ያን ጊዜ አላለቀሰችም። «እርስዎ እንዳስተማሩኝ ነው የሠራሁት» አለችና ዝም አለች። ብታለቅስ ይሻላቸው ነበር፤ ሌባ ሲያለቅስ አይተው ያውቃሉ። ይህች ዝምታ ግን ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ሆነችባቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ሲረግጧት ከረሙ።

ከመንገዱ ዳር አንዲት ወጣት ተሳፋሪ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የተማሪ ወረቀት ታርማለች። መርየም ትባላለች፤ ደሴ ሆጤ ሰፈር ትኖራለች፣ ኮምቦልቻ ዘጠነኛ ክፍልን ሒሳብ ታስተምራለች። ነፋስ አንዷን ወረቀት ነጥቆ አቶ አግማስ እግር ሥር ጣላት። ሊያቀብሏት አንስተው ዓይናቸው ላዩ ላይ ቀረ። ክፍልፋይ በክፍልፋይ ተባዝቷል፤ በየቅንፉ አናት ላይ ደግሞ አንዳንድ ትንሽ ቁጥር ወጥታ ተቀምጣለች።

«ልጄ፣ ይህ ሁሉ ሰልፍ ለምን ይበጃል?» አሉ። «እኛ መደመርና መቀነስ ተምረን ጨርቅም ነከርን፣ ልጅም አሳደግን።»

«አላህ ይስጥልኝ አባባ፤» አለች መርየም ወረቀቱን እየተቀበለች። «የክፍልፋዮችን ብዜት በአርቢ ማቃለል ነው። ይቺ አናት ላይ ያለችው አርቢ ትባላለች። ቅንፉ ውስጥ ያለው ስንት ጊዜ በራሱ እንደተባዛ ትናገራለች፤ ሌላ ሥራ የላትም።»

«እንጀራ ይሆናል ወይ ነው ያልኩሽ።»

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ቀለም።»

«ቀለም ላይ ከሆኑማ ሳያውቁት በየቀኑ ይሠሩበታል።»

አቶ አግማስ ሳቁ፤ ከሦስት ቀን ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። «እኔ? የኔ ሒሳብ አንዲት ናት። ሙሉ ገንዳ አሥራ ስድስት ጣሳ ዱቄት ይበላል። ጨርቁ ሲነከር ሩቡን ይጠጣል። እኛ የቀረውን በመለኪያ እናይና ሩብ እንጨምራለን። ሩብ ሄደ፣ ሩብ መጣ፣ አለቀ! ለዚህ ቅንፍ አላስፈለገኝም።»

መርየም ቀይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሩብ የምኑ?»

«የምኑ ማለት? ሩብ ሩብ ነው!»

«አይቆጡኝና፣ ጨርቁ የጠጣው የአሥራ ስድስቱን ሩብ፣ አራት ጣሳ ነው። አሥራ ሁለት ቀረ። የምትጨምሩት የአሥራ ስድስቱን ሩብ ነው ወይስ የአሥራ ሁለቱን?»

«ገንዳው ውስጥ ያለው አሥራ ሁለት አይደል? የሌለውን እንዴት እሰፍራለሁ? የቀረውን ሩብ ነው እንጂ።»

«የአሥራ ሁለት ሩብ?»

«ሦስት።»

«አሥራ ሁለትና ሦስት?»

«አሥራ አም...» አሉና ቀሪው ቃል አፋቸው ውስጥ ቀረ።

ሰው እንደተሸነፈ ሲገባው መጀመሪያ የሚያደርገው መቆጣት ነው፤ አቶ አግማስም ሰው ናቸው። «እሺ፣ አንድ ጣሳ ጎደለች! ከአሥራ ስድስት አንዷ ምን አላት? የአሥራ አምስትና የአሥራ ስድስት ጣሳ ጨርቅ ጎን ለጎን ብታስቀምጭልኝ እኔ አግማስ አልለየውም። እኔ ያልለየሁትን ደግሞ ማንም አይለየውም!»

«እውነትዎን ነው፤ ዓይን አይለየውም። አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ሁለተኛው ጣቃ ከአንደኛው ጋር ይመሳሰላል፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው ጋር ይመሳሰላል። በአንድ ገንዳ ስንት ትነክራላችሁ?»

«ስምንት» አሉ አቶ አግማስ፤ ድምፃቸው ግን ቀነሰ። ስምንተኛው ጣቃ ዓይናቸው ላይ መጣ። «እስቲ አምጭው እስክሪብቶውን። እኔው ራሴ አሰላዋለሁ።»

ጎንበስ ብለው በአንድ አሮጌ ወረቀት ጀርባ ላይ ጀመሩ። ከአሥራ አምስት ሩቡ ሲወጣ አሥራ አንድ ከሩብ ቀረ። የአሥራ አንድ ከሩብ ሩብ ደግሞ ሁለት ከ... እዚህ ላይ ቆሙ። ጆሯቸውን አከኩ። «ሦስት እንበለው።»

«ሦስት ካሉት ሩብ አልጨመሩም፤ ከሩብ በላይ ጨመሩ።»

«ሁለት ከግማሽ እንበላ!»

«አሁን ደግሞ አሳነሱት። በየዙሩ 'እንበለው' ካልን ስምንተኛው ጋ ስንደርስ የምናገኘው የቀለሙን ልክ ሳይሆን የስህተታችንን ድምር ነው።»

አቶ አግማስ እስክሪብቶውን መለሱላት። ግንባራቸው ወዝቷል። ሰዓታቸው ሦስት ሰዓት ከሃያ ይላል፤ የተኛው መኪና አሁንም ተኝቷል። «እንግዲህ አንች አሳይኝ። እዚህ ላይ ሳላውቀው አልሄድም።»

መርየም ወረቀቱን ጭኗ ላይ አኖረችው። «ጨርቁ ከጠጣ በኋላ የሚቀረው ከአራት ሦስት እጁ ነው፤ ሦስት አራተኛ። የቀረውን ሩብ ስንጨምርበት የቀረው ከነሩቡ ይሆናል፤ አምስት አራተኛ። ስለዚህ አንድ ዙር ማለት ሦስት አራተኛ ሲባዛ በአምስት አራተኛ ነው። ስምንተኛው ጣቃ ሳይገባ ስንት ዙር አለፈ?»

«ሰባት።»

«ሰባቱ ዙር ተደርድሮ ቢጻፍ አሥራ አራት ክፍልፋይ ነው። አንድ በአንድ ቢያባዙት ራስ ያዞራል። ብዜት ግን የትኛው ቀድሞ እንደመጣ አይመርጥም፤ የሚመሳሰሉትን እንሰብስባቸው። ሰባቱን ሦስት አራተኛ በአንድ ቅንፍ፣ አናቱ ላይ ሰባት። ሰባቱን አምስት አራተኛ በሌላ ቅንፍ፣ አናቱ ላይ ሰባት። የሁለቱ አርቢ አንድ ዓይነት ስለሆነ በአንድ ቅንፍ ይገባሉ። ላይኛው በላይኛው፣ ታችኛው በታችኛው።»

«ሦስት ጊዜ አምስት አሥራ አምስት» አሉ አቶ አግማስ ሳይጠየቁ። «አራት ጊዜ አራት አሥራ ስድስት።»

«አሥራ አምስት አሥራ ስድስተኛ፣ አናቱ ላይ ሰባት። አሥራ አራቱ ክፍልፋይ አንድ ሆነ።»

ሽማግሌው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉ። ከዚያም እንደ ገበያ ሰው ጉድለት ሊፈልጉበት ሞከሩ። «አርቢዎቹ ባይተካከሉስ? ሰባቴ ነክረን አምስቴ ብቻ ጨምረን ቢሆንስ?»

«አምስት አምስቱ ይጣመራሉ። የተረፉት ሁለት ሦስት አራተኛዎች ለብቻቸው፣ አናታቸው ላይ ሁለት አስቀምጠው ይቆማሉ። የሚጠፋ የለም።» መርየም ስልኳን አውጥታ ነካካች። «ይኸውና፤ አሥራ ስድስት ጣሳ የነበረው ስምንተኛው ጣቃ ሲገባ አሥር ጣሳ ገደማ ሆኗል። ማንም ሳይነካው።»

«ማንም ሳይነካው አልሽ?»

«የአጨማመር ሕጋችሁ ራሱ ነዋ የጨረሰው።»

አቶ አግማስ ድንጋዩ ላይ አጠገቧ ተቀመጡ። ሰባት ጊዜ «ሩብ ተጨምሯል» ብላ የጻፈች እጅ ትዝ አለቻቸው። ሰባት ጊዜ እውነቷን ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ሁሉ ነገሯት፤ ኩኩን፣ ገንዳውን፣ ሰኞን፣ አራት ሰዓትን። መርየም እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ላ ኢላሃ ኢለላህ! ልጅቱ እስካሁን ሌባ ተብላ ነው የተቀመጠች?»

«ቆይ ግን» አሉ አቶ አግማስ፤ የሰመጠ ሰው የሚይዘውን ይፈልጋል። «ይህን ሕግ እኔ አላወጣሁትም። ጋሽ ደሳለው ናቸው ያስተማሩኝ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። 'የቀረውን ሩብ ጨምር' አሉኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሠራ! ስምንት ጣቃ ነከርን፣ ስምንቱም እንደ መንታ ወጣ። ሐሰት ቢሆን ሠላሳ ዓመት ይሠራል? የሞተ ሰው ውሸታም ነበር ልበል?»

ይህ ጥያቄ መርየምንም አስቸገራት። ተማርኩ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አሮጌ ነገር ሁሉ ሞኝነት ይመስለዋል። እሷ ግን እስክሪብቶዋን እያሽከረከረች አሰበች። «ያኔስ ጨርቁ ይኸው ነበር?»

«የለም! ያኔ አቡጀዲ ነበር። አቡጀዲ ስስ ነው፤ አምስተኛውን ብቻ ነው የሚጠጣ። ይሄ ወፍራሙ ገና በዚህ ትእዛዝ መምጣቱ ነው።»

መርየም ጻፈች፤ ከዚያም ብድግ አለች። «አምስተኛው ከተጠጣ የሚቀረው አራት አምስተኛ ነው። የቀረው ከነሩቡ አምስት አራተኛ። አራት አምስተኛ ሲባዛ በአምስት አራተኛ! አራቱ ከአራቱ ጋር ይጠፋፋል፣ አምስቱ ከአምስቱ ጋር ይጠፋፋል፣ አንድ ይቀራል። ሰባት ዙር ቢሄድ አንድ ነው፤ ሰባ ዙር ቢሄድ አንድ ነው። ጋሽ ደሳለው ልክ ነበሩ፣ አባባ! ወላሂ ልክ ነበሩ!»

የአቶ አግማስ ፊት በራ። መምህራቸው ነጹ። ግን ደስታው ገና ጉሮሯቸው ሳይደርስ ተመልሶ ወደቀ፤ ጋሽ ደሳለው ልክ ከነበሩ ጥፋቱን የሚጋራቸው ሰው የለም። ጨርቁ ተለወጠ፤ እሳቸው አልተለወጡም። አዲሱ ጨርቅ ሩብ ሲጠጣ ባዩ ጊዜ እንዲያውም ሕጉ ይበልጥ የገጠመላቸው መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነበር።

«እንግዲህ የኔ ብቻ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አፈርኩ፤ ምን ብዬ ልደብቅሽ። አግማስ ካለ ቀለም አይሳሳትም ሲባል ኖሬ... እስቲ ዝም ብልስ? ዛሬ አሞኛል ብዬ ባልመሰክርስ? ያለ እኔ ቃል አያባርሯትም።»

«ዝም ካሉ ጥርጣሬው እሷው ላይ ይቀራል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላ ሰው ይሰፍራል፤ ስምንተኛው ጣቃ ይገረጣል፤ ሌላ ሌባ ይፈለጋል። ስንት ሰው እስኪባረር ዝም ይላሉ?»

አቶ አግማስ አሁን እንደ ሠራተኛ አሰቡ። «በባዶ እጄ 'ተሳስቻለሁ' ብል መሳቂያ ነኝ። መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

«እርስዎ ይንገሩኝ። የቀረው ሦስት አራተኛ ነው። በምን ቢባዛ ሙሉ አንድ ይሆናል?»

አቶ አግማስ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ። የአቡጀዲውን መስመር አዩ፤ አራቱ በአራቱ እንዴት እንደጠፋ አዩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ላይ ያለውን ሦስት ለማጥፋት ታች ሦስት... ታች ያለውን አራት ለማጥፋት ላይ አራት... አራት ሦስተኛ! አራት ሦስተኛ ማለት የቀረው ከነሲሶው ነው። ሩብ አይደለም፤ ሲሶ! የአሥራ ሁለት ሲሶ አራት፤ አሥራ ሁለትና አራት አሥራ ስድስት!»

ዳር የተቀመጠው ተሳፋሪ ሁሉ ዞሮ አያቸው። አንዱ «ሰውዬው ምን አገኙ?» ሲል ሌላው «ሲሶ አገኙ መሰለኝ» አለው።

ወዲያው ረዳቱ «ተከፈተ! ግቡ ግቡ!» ብሎ ጮኸ። አራት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ሐረጎን ሲወርዱ አቶ አግማስ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ጨብጠው እያንዳንዱን ጠመዝማዛ ረገሙ። መርየም «አብሽሩ፣ ይደርሳሉ» ብትላቸውም ልባቸው ቀድሟቸው ሄዷል። ኮሚቴው ያለ እሳቸው ፈርሞ ቢሆንስ? ኮምቦልቻ ሲገቡ መርየምን በቅጡ ሳይሰናበቱ ባጃጅ ውስጥ ዘለው ገቡ።

ቢሮው ውስጥ ኩኩ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ሰብሳቢው አቶ አራጋው የስንብቱን ደብዳቤ አዘጋጅተው ማኅተሙን አጠገቡ አኑረዋል። «አቶ አግማስ፣ እርስዎን ነው የምንጠብቅ። እዚህች ላይ ይፈርሙልንና ወደ ሥራችን እንመለስ።»

«አልፈርምም» አሉ አቶ አግማስ እያለከለኩ። «ልጅቱ አልሰረቀችም። ያልኳትን ነው የሠራች፤ ያልኳት ነው የተሳሳተ።»

አቶ አራጋው መነጽራቸውን አወለቁ። «ሩብ ወጥቶ ሩብ ከገባ ቀለሙ የት ይሄዳል? ራስዎ አይደሉም ወይ ሰኞ ያሉት?»

«ራሴ ነኝ። እኔም ዛሬ ጠዋት ድረስ በዚህ ቃል እምል ነበር።» ደብዳቤውን ገለበጡና ጀርባው ላይ ጻፉ። አንዲትም አልሳቱም፦ ሦስት አራተኛ፣ አምስት አራተኛ፣ ሁለት ቅንፍ፣ በየአናቱ ሰባት፣ ከዚያም አንድ ቅንፍ። አቶ አራጋው ተከራከሩ፤ አቶ አግማስ መለሱ። ያቺ ወጣት መንገድ ላይ የጠየቀቻቸውን ሁሉ አሁን እሳቸው ጠያቂ ሆነው ይጠይቃሉ። በመጨረሻ ሰብሳቢው ራሳቸው በስልካቸው አስልተው አሥር ጣሳ ገደማ ሲመጣባቸው ደብዳቤውን ለሁለት ቀደዱት።

«በቃ፣ ኩኩ፣ ነገሩ ተዘግቷል። ወደ ሥራሽ ግቢ።»

ኩኩ ከግድግዳው አልተነሳችም። «እዚህ ቢሮ ውስጥ ነው የተዘጋ፣ ጌታዬ። ሌባ የተባልኩት ግን ገንዳው አጠገብ ነው። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ሰኞ የሰማውን ይዞ ነው ያለ።»

አቶ አራጋው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። አቶ አግማስ ግን «እውነቷን ነው» ብለው በሩን ቀድመው ወጡ።

ሠራተኛው ተሰበሰበ። ማሽኑ ቆመ። ሠላሳ አንድ ዓመት በትእዛዝ ብቻ የተናገሩበት ቦታ ላይ አቶ አግማስ ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ። «ሰኞ ዕለት እዚህ ቆሜ ኩኩን ሌባ ብያታለሁ። ሌባ አይደለችም። ያስተማርኳትን ሕግ ሳታጎድል ፈጽማለች፤ ሕጉ ለዚህ ጨርቅ አይሆንም። ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ኩኩ፣ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ።»

ኩኩ ያን ጊዜ አለቀሰች። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና «እግዜር ይቅር ይበልዎ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ይቅርታ ቢሰጥም ሦስት ቀን አይመለስም፤ አቶ አግማስም ይህን ያወቁ ይመስላል፤ ዓይናቸውን ከሷ ላይ አነሱ።

ከዚያም በገንዳው ጎን ባለው ሰሌዳ ላይ ስሌቱን በትልቁ ጻፉ። «ስሙኝ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ ወፍራም ጨርቅ የቀረው ቀለም ሲሶ ይጨመራል። ለአቡጀዲ የቀረው ሩብ። መዝገቡ ላይም 'ሩብ'፣ 'ሲሶ' ብቻ አይጻፍም፤ የምኑ እንደሆነና ስንት ጣሳ እንደገባ ይጻፋል። እንዲህ ካደረግን ስምንተኛው ጣቃ ከአንደኛው አይለይም፤ የነከርነው ጨርቅ ተመልሶ አይመጣብንም፤ ዱቄትና ውሃ በከንቱ አይደፋም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በቁጥር የሚገኘውን ጥፋት ሰው ላይ አንፈልግም። ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት አንዲት መምህርት መጥታ እንድታስተምረን እለምናታለሁ፤ መጀመሪያ የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

ከኋላ ከሊድ የተባለ ማሽን ነጂ እጁን አነሳ። «ጋሽ አግማስ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ጨርቅ ቢመጣስ? ሲሶውንም የሚጠጣ፣ ግማሹንም የሚጠጣ? ማንን እንጠይቅ?»

አቶ አግማስ ጣሳውን አንስተው ለኩኩ በሁለት እጃቸው ሰጧት።

«እሷን» አሉ። «ሰፋሪዋም ጸሐፊዋም እሷ ናት፤ እኔም የምጠይቅ እሷን ነው።»